በጅማ ሰማይ የታየው የእሳት ኳስ እውነት ጅሬን ላይ ወድቋል?

ጥያቄው የመጣው ከጅማ ነው። ጠያቂዋ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት። ትንሽ አሳጥሬ ላስቀምጠው። ጅሬን የምትለው ከጅማ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለውን ኮረብታ ነው።

“ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ባለፈው ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከእናቴ ጋር ግቢ ውስጥ የተሰጣውን ቡና ላስቲክ እያለበስን ነበር። ድንገት ግቢው በራ። ቀና ስል ከሰማዩ እኩሌታ ትንሽ ዝቅ ብሎ አረንጓዴ እሳት ወደ ጅሬን ሲወርድ አየሁ። ጅራት አለው። መጨረሻ ላይ ቀላ፣ ሦስት ቦታ ተቆረሰ፣ ከኮረብታው ትንሽ ከፍ ብሎ ጠፋ። በዚያው ቅጽበት ‘ሽሽሽ’ የሚል ድምፅ የሰማሁ ይመስለኛል። ፍንዳታ ግን አልሰማንም። በማግስቱ የሰፈር ልጆች ጅሬን ወጥተው ጥቁር ድንጋይ ይዘው መጡ። አንዱ ‘ይሄ በሚሊዮን ይሸጣል’ ይላል። አያቴ ‘ትልቅ ሰው ሞቷል’ አለች። ጎረቤታችን ሐጂ ሰይጣን የሚባረርበት ነው አሉ። ተማሪዎቼ ድሮን ነው፣ ሮኬት ነው ይሉኛል። አንድ ባልደረባዬ ደግሞ የኅዳር የኮከብ ዝናብ ነው አለ። ምንድን ነው ያየሁት? እውነት ጅሬን ላይ ወድቋል? ያስፈራል ወይ? ሌላ ጊዜስ ላየው እችላለሁ?”

እህቴ፣ መጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ሳያይ ያልፋል። ሰማይ ማየት እንጀራችን የሆነው እኛ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ወሬውን ነው። እንጦጦ ላይ ያሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች የሚያዩት የሰማይን አንዲት ጠባብ ጥግ ብቻ ነው። የእሳት ኳስ የሚያየው ቡና የሚያለብስ ሰው፣ ዘበኛ፣ የሌሊት ሹፌር ነው።

አጭሩ መልስ ይኸውልሽ። ያየሽው የእሳት ኳስ ነው። ከቬነስ፣ ማለትም ከአጥቢያ ኮከብ በላይ የደመቀ ተወርዋሪ ኮከብ በሙያችን በዚህ ስም ይጠራል። ከጠፈር የመጣ ድንጋይ ነው። ጅሬን ላይ ግን አልወደቀም። መሬት የደረሰ ቁራጭ ካለ ከጅማ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው ያረፈው። ልጆቹን ከፍለጋው መልሻቸው፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

ዓይናችን ቅርብና ሩቅ የሚለየው በዋናነት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ሁለቱ ዓይኖች በሚያዩት ልዩነት ነው። ይሄ ከጥቂት መቶ ሜትሮች በላይ አይረዳንም። ሁለተኛው የምናውቀውን ነገር መጠን በማነጻጸር ነው። ላም ትንሽ ሆና ከታየችን ሩቅ እንደሆነች እናውቃለን። በጨለማ ሰማይ ላይ ያለ ብርሃን ግን መጠኑ አይታወቅም። ስለዚህ አእምሯችን ያለውን ነገር ይጠቀማል፤ ብርሃኑን እዚያው ጎን ከሚያየው አድማስ ላይ ይለጥፈዋል። የአንቺ አድማስ ጅሬን ነው። ስለዚህ “ጅሬን ወደቀ” አልሽ። ይሄ የአንቺ ብቻ አይደለም። በየትም አገር የእሳት ኳስ ያየ ሰው ሁሉ “እዚያ ኮረብታ ጀርባ ወደቀ” ነው የሚለው።

አሁን ቁጥር እናስገባ። ከደብዳቤሽ ሁለት ማዕዘን አወጣሁ። “ከሰማዩ እኩሌታ ትንሽ ዝቅ ብሎ” ያልሽውን 40 ዲግሪ ብዬዋለሁ። “ከኮረብታው ትንሽ ከፍ ብሎ” ያልሽውን 10 ዲግሪ። ግምት ናቸው፤ በኋላ አንቺው ታስተካክያቸዋለሽ። እንዲህ ያለ ድንጋይ መብራት የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ነው። እንደ አንቺው ድንጋይ ጠንከር ያለ ሲሆን 35 ኪሎ ሜትር አካባቢ ድረስ እየነደደ ይወርዳል። 90 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ በ40 ዲግሪ ከታየሽ ከሥሩ ያለው መሬት ከአንቺ 107 ኪሎ ሜትር ይርቃል። 35 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ በ10 ዲግሪ ከታየሽ ደግሞ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ከጅማ ተነስተሽ በጅሬን አቅጣጫ፣ በሰሜን ምሥራቅ፣ ቀጥ ያለ መስመር በካርታ ላይ አስምሪ። 107 ኪሎ ሜትር ወልቂጤ ሳትደርሺ ነው። 190 ኪሎ ሜትር ወሊሶን አልፎ ቱሉ ቦሎ አካባቢ ነው። እንግዲህ አንቺ ጅሬን ያልሽውን ብርሃን ወልቂጤ ላይ ያለ ሰው ከአናቱ ላይ ተነስቶ ሲሄድ ያየዋል። አዲስ አበባ ያለው ደግሞ በደቡብ ምዕራብ በኩል አይቶ “ፉሪ ጀርባ ወደቀ” ይላል። ሁሉም እውነቱን ነው የሚናገረው። ሁሉም ደግሞ ተሳስቷል።

“ግን እኮ ቁልቁል ነው የወረደው” ትይኝ ይሆናል። አዎ፣ እንደዚያ ነው የሚመስለው። ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ተነስቶ ወደ አዲስ አበባ የሚበር አውሮፕላን እኮ ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ለዓይንሽ ወደ አድማሱ ዝቅ እያለ ይሄዳል። ከአንቺ የሚርቅ ነገር ሁሉ ወደ አድማስ ይወርዳል። በእኔ ስሌት ድንጋይሽ 83 ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ሲሄድ 55 ኪሎ ሜትር ነው የወረደው። ቁልቁል ሳይሆን ሰያፍ ነው የሄደው፤ አንቺ ደግሞ ከኋላው ቆመሽ ነው ያየሽው።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሳበኝ እሱ ነው።

ፍንዳታ አለመስማትሽ ራሱ ማስረጃ ነው። ድንጋዩ ጅሬን ላይ ወድቆ ቢሆን ኖሮ መጨረሻ የተቆራረሰው ከከተማው በላይ፣ ከ40 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ይሆን ነበር። ድምፅ በሰከንድ 300 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ ሁለት ደቂቃ አካባቢ ቆይቶ የጅማ መርካቶን ቆርቆሮ የሚያንቀጠቅጥ ነጎድጓድ ይመጣ ነበር። ጅማ በሙሉ ይሰማዋል። አልተሰማም። በ190 ኪሎ ሜትር ርቀት ግን ድምፁ ለመድረስ ከአሥር ደቂቃ በላይ ይፈልጋል፤ ያን ጊዜም ጆሮ የሚሰማው አይተርፍም። የእሳት ኳስ አይቶ መስኮቱ የተንቀጠቀጠበት ሰው ካለ ከአንቺ ይልቅ ድንጋዩ የሚቀርበው ለእሱ ነው። ወሊሶ አካባቢ ዘመድ ካለሽ ደውለሽ “ሐሙስ ማታ ነጎድጓድ ሰምታችኋል?” ብለሽ ጠይቂ። ዝናብ በሌለበት በኅዳር ነጎድጓድ የሰማ ሰው አይረሳውም።

“ሽሽሽ” ያልሽው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብርሃኑን ባየሽበት ቅጽበት የሚሰማ ድምፅ ከዚያ ርቀት በአየር ሊመጣ አይችልም። ሆኖም በየአገሩ ለብዙ መቶ ዓመታት ሰዎች ይሄንኑ ሲናገሩ ኖረዋል። ለረጅም ጊዜ ባለሙያዎች “የሐሳብ ነው” ብለው ሲያልፉት ቆይተው፣ በ2009 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ያሉ ተመራማሪዎች አንድ ማብራሪያ አቀረቡ። የእሳት ኳስ ብርሃን እኩል አይበራም፤ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ይሄ ተንቀጥቃጭ ብርሃን በአጠገብሽ ያለውን ቅጠል፣ ፀጉር፣ ጥቁር ልብስ በጣም በጥቂቱ ያሞቃል፣ ያቀዘቅዛል። ከጎኑ ያለው አየር አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቀጭን ድምፅ ይወጣል። የሚመጣው ከሰማይ ሳይሆን ከራስሽ ሻሽ ነው ማለት ነው። ቆንጆ ሐሳብ ነው። ለዚህ ግን ብርሃኑ ከሙሉ ጨረቃ ጋር የሚወዳደር መሆን አለበት፤ ያንቺው ደግሞ ሩቅ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ? እኔ የምጠረጥረው በእጅሽ የያዝሽውን ላስቲክ ነው። የቡና ላስቲክ ሰው ሲደነግጥ “ሽሽሽ” ይላል።

ጎረቤታችሁ ሐጂ ያሉትን የእምነት ጉዳይ ለእሳቸው እተዋለሁ። አያትሽም ያሉት በብዙ የአገራችን ክፍል የሚባል ነው። በዓለም ዙሪያ በየቀኑ ከቬነስ የሚበልጡ በሺዎች የሚቆጠሩ የእሳት ኳሶች ይነድዳሉ። አብዛኞቹ በውቅያኖስ ላይ፣ ሰው በሌለበት ወይም በቀን ብርሃን ስለሆኑ አይታዩም። በዚህ ብዛት ለእያንዳንዱ አንድ ትልቅ ሰው ማግኘት ይቸግራል።

ተማሪዎችሽ ያሉትን ደግሞ በሰዓት እንፈትነው። ድሮን ግቢ አያበራም። ሮኬት ወይም የወደቀ ሳተላይት ግን የሚሆን ነገር ነው። የጠፈር ቁርጥራጭ ሲወድቅ በሰከንድ 8 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ሰማዩን ለመሻገር ከግማሽ ደቂቃ በላይ፣ አንዳንዴም ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። ብዙ ቁራጭ ሆኖ፣ ተከታትሎ፣ ወደ ጎን ይጓዛል። ስልክ አውጥቶ ለመቅረጽ ጊዜ ይሰጥሻል። በ2017 ዓ.ም. ጥር መግቢያ ላይ በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ሰው በስልኩ የቀረጸው እሳት አካሄዱ እንዲህ ዓይነት ነበር። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን፣ ኬንያ ማኩዌኒ ውስጥ 2.5 ሜትር ስፋትና 500 ኪሎ ክብደት ያለው የሮኬት ቀለበት መንደር ውስጥ ወድቋል። እንደዚያ ያለ ብረት ከተገኘ አይነካም፤ የሮኬት ነዳጅ መርዝ ሊቀርበት ይችላል።

ያንቺው ስንት ሰከንድ ቆየ? እዚህ ላይ የሰው ግምት አይታመንም። የደነገጠ ሰው አምስት ሰከንድን ግማሽ ደቂቃ ይለዋል። ስለዚህ አትገምቺ፤ ድገሚው። ነገ ማታ እናትሽን ይዘሽ እዚያው ቦታ ቁሚ። ላስቲኩን እንደዚያን ቀን ያዙት። አንገትሽን ቀና ማድረግሽን፣ “እማዬ እይው!” ማለትሽን፣ እናትሽ መዞራቸውን፣ እሳቱ መጥፋቱን በቅደም ተከተል ሥሩት። ታናሽ ወንድም ወይም የጎረቤት ልጅ በስልክ ሰዓት ይያዝ። ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ምስክር ስንጠይቅ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለንም። አምስት ስድስት ሰከንድ ከመጣ ከላይ ባለው ስሌት ድንጋዩ በሰከንድ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበር ነበር ማለት ነው። ይሄ ለተፈጥሮ ድንጋይ ልክ ነው፤ ለሳተላይት ከእጥፍ በላይ ይፈጥናል።

ፍጥነቱ ከምሽቱም ጋር ይስማማል። መሬት ፀሐይን የምትዞረው በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እኛ በመሬት ፊት ለፊት በኩል ነን፤ የሚመጣውን ድንጋይ እየሄድን እንገጨዋለን። ስለዚህ የሌሊቶቹ በጣም ፈጣን ናቸው፤ እስከ 72 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ይደርሳሉ። ምሽት ላይ ግን በኋላዋ በኩል ነን። በብዛት የሚደርሰን ከኋላ የሚያሳድደን ነው። ስለዚህ የምሽት የእሳት ኳስ ረጋ ይላል። ረጋ ያለ ደግሞ ሳያልቅ መሬት የመድረስ ዕድሉ የተሻለ ነው።

ባልደረባሽ ያለው የኅዳር ዝናብ ታውሪድ የሚባለው ነው። በየዓመቱ በጥቅምትና በኅዳር መሬት ኤንኬ የተባለው ኮሜት፣ ማለትም ጅራታም ኮከብ፣ የተወውን ብናኝ ስታቋርጥ የሚታይ ነው። ዘገምተኛና ደማቅ በመሆኑ ስም አለው፤ ግምቱ መጥፎ አይደለም። ግን አቅጣጫው አይገጥምም። በኅዳር አንድ ሰዓት ተኩል ማታ የታውሪዶች መነሻ ከምሥራቅ አድማስ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው ያለው። ታውሪድ ቢሆን ከዚያ ተነስቶ ወደ ሌላው የሰማይ ክፍል ይሸሽ ነበር። ያንቺው ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየወረደ ነበር፤ መነሻውን ወደ ኋላ ብንስበው በደቡብ ምዕራብ በኩል ነው የሚወጣው። ስለዚህ ብቻውን የመጣ እንግዳ ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉት በማርስና በጁፒተር መካከል ካለው የአስትሮይድ፣ ማለትም የትልልቅ የጠፈር ድንጋዮች፣ ቀበቶ የተሰበሩ ናቸው።

ይሄን ሁሉ ብርሃን ያወጣው ምን ያህል ድንጋይ ነው? ከምታስቢው በጣም ያንሳል። አሥር ኪሎ ይበቃል። በሰከንድ 18 ኪሎ ሜትር የሚበር አንድ ኪሎ ድንጋይ የያዘው ጉልበት አንድ ኪሎ ቲኤንቲ ፈንጂ ካለው ከ35 እጥፍ በላይ ነው። ብዙ ሰው በአየር ተፋትጎ ነው የሚነደው ይላል። ፍትጊያውም አለ፤ ዋናው ግን ፊቱ ያለው አየር የሚሸሽበት ጊዜ አጥቶ መታመቁ ነው። የታመቀ አየር ይግላል፤ በሺዎች ዲግሪ ይግላል። ድንጋዩ ከላይ ከላዩ እየቀለጠና እየተነነ ይላጣል። የምታዪው የእሳት ኳስ ድንጋዩ ራሱ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው የነደደ አየርና ትነት ነው። አረንጓዴው ከማግኒዥየምና ከአየሩ ኦክሲጅን ሊመጣ ይችላል። መጨረሻ ላይ መቅላቱ ፍጥነቱ ሲቀንስ ሙቀቱም መቀነሱ ነው። ከቀለሙ ብቻ ተነስቶ “ይሄ ኒኬል አለው፣ ይሄ መዳብ ነው” የሚልሽን ሰው ግን አትመኚው።

ፍጥነቱ በሰከንድ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ሲወርድ መብራቱ ይጠፋል። “ከኮረብታው ከፍ ብሎ ጠፋ” ያልሽው ይሄን ነው። አላለቀም ይሆናል፤ መንደድ ነው ያቆመው። ከዚያ በጨለማ፣ እንደ ማንኛውም ከላይ የተጣለ ድንጋይ፣ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ይወርዳል። በዚያ ከፍታ አየሩ ከበረዶ በታች ይቀዘቅዛል፤ የድንጋዩ ውስጥም ከጠፈር ይዞት የመጣው ብርድ አለው። ስለዚህ ሲያርፍ እሳት አይደለም። ሣር አያቃጥልም። ልጆቹ “የተቃጠለ መሬት ላይ ነው ያገኘነው” ካሉሽ ይሄ ማስረጃ ሳይሆን ጥርጣሬ ነው።

ስለ ድንጋዩ እንግዲህ። ጅማና ዙሪያው የቆመው በጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ጥቁር ድንጋይ ጅሬን ላይ ፈልጎ ማጣት ነው የሚከብደው። ፎቶውን ባላየውም ልጆቹ ያመጡት ባዛልት፣ ማለትም ይሄው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ለማረጋገጥ ከፈለግሽ ድንጋዩን በእጅሽ ያዢና በደንብ እዪው። ቀዳዳ ቀዳዳ አለው? የአረፋ ምልክት የመሰለ? እንግዲያው ጣይው፤ እሳተ ገሞራ ወይም የቀጥቃጭ ምድጃ ትርፍ ነው። ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ አረፋ የለውም ማለት ይቻላል። አዲስ የወደቀ ከሆነ ላዩን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን ጥቁር ቅርፊት ትሸፍነዋለች። አንዱ ጥግ ተሰብሮ ከሆነ ውስጡ ብዙ ጊዜ ግራጫ ነው፤ በመሃሉ የብረት ነጠብጣብ ያብለጨልጫል፣ ጥቃቅን ክብ ፍሬዎችም ይታያሉ። ውስጡም ላዩም እኩል ጥቁር ከሆነ አትድከሚ።

ማግኔት ብዙ ሰው የሚያምነው ፈተና ነው። አብዛኞቹ የሰማይ ድንጋዮች ብረት ስላላቸው ይስባሉ። ችግሩ የእኛ ባዛልትም ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ስላለው ደከም አድርጎ ይስባል። አለመሳቡ ብዙ ይናገራል፤ መሳቡ ግን ትንሽ ነው የሚነግርሽ። ሌላ የቤት ፈተና አለ። ሲኒ ገልብጠሽ ቅባት ያልነካውን የግርጌውን ሻካራ ክብ አግኚ፤ ድንጋዩን በእሱ ላይ ፈትጊው። ቀይ ቡናማ መስመር ካወጣ ሄማታይት ነው፤ ደማቅ ጥቁር ካወጣ ማግኔታይት። ሁለቱም የአገር ቤት የብረት ማዕድን ናቸው። እውነተኛው ብዙውን ጊዜ ምንም መስመር አያወጣም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ ሌላውን ፈተና ሁሉ ያለፈ ድንጋይ ከመጣ ጠንካራ ማግኔት አታስጠጊው። ከሥርዓተ ፀሐይ ልደት ጀምሮ የያዘውን የማግኔት ታሪክ ያጠፋበታል። አታጥቢው፣ አትሰንጥቂው። በንጹሕ ከረጢት አድርገሽ አስቀምጪው። “በሚሊዮን” ለሚለው ልጅ ደግሞ ይሄን ንገሪው፦ ገበያው አለ፤ ግን የሚገዛው ላቦራቶሪ ያረጋገጠውን ነው እንጂ በደላላ አፍ የተመሰከረውን አይደለም።

በአገራችንና በጎረቤቶቻችን የተገኘ የለም እንዳትይ። በ1973 ዓ.ም. ሐረርጌ፣ ጉርሱም ላይ ወድቆ በዓለም መዝገብ የገባ ድንጋይ አለ። ነሐሴ 8 ቀን 1984 ዓ.ም. ኡጋንዳ ምባሌ ከተማ ላይ የድንጋይ ዝናብ ወርዶ፣ አንዷ ጠጠር የሙዝ ቅጠል ላይ ነጥራ የአንድ ልጅ ጭንቅላት ነክታለች። 3 ግራም ተኩል ገደማ ስለነበረች አልጎዳችውም። የሱዳኑ ደግሞ ለእኛ ሙያ ትልቅ ቀን ነው። መስከረም 2001 ዓ.ም. ላይ 4 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው አስትሮይድ ገና ጠፈር ላይ እያለ ታየ። ወደ መሬት እንደሚመጣ ታወቀ። ከታየ ከ20 ሰዓት ገደማ በኋላ በሰሜን ሱዳን በረሃ ሰማይ ላይ ፈነዳ። ከመውደቁ በፊት የታወቀ የመጀመሪያው ነበር። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በረሃው ላይ ጎን ለጎን ተሰልፈው እየተራመዱ ለቀሙት። 80 ቶን ገደማ ከሚገመተው ድንጋይ የተገኘው 10 ኪሎ አካባቢ ነው። ያንቺ 10 ኪሎ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ከዚህ ገምቺ።

ያስፈራል ወይ ላልሽው፣ ያንቺው አያስፈራም። አንድ ነገር ግን ለተማሪዎችሽ አስተምሪ። የካቲት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. ሩሲያ ቼልያቢንስክ ላይ 20 ሜትር ገደማ የሆነ ድንጋይ 30 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፈንድቷል። ወደ 1,500 ሰው ተጎዳ። ድንጋዩ የመታው ሰው ግን አልነበረም። ብርሃኑን አይተው “ምንድን ነው?” ብለው መስኮት ላይ የተሰበሰቡትን፣ ከሁለት ደቂቃ በላይ ቆይቶ የደረሰው የአየር ግፊት መስታወቱን ሰብሮ ነው የጎዳቸው። ቀንን የሚያስንቅ ብልጭታ ካያችሁ ከመስታወት ራቁ፤ ጥቂት ደቂቃም ቆዩ።

ሌላ ጊዜ ለማየት ቀጠሮ የሚይዝ የእሳት ኳስ የለም። ቀጠሮ የሚያከብረው ጌሚኒድ የሚባለው የኮከብ ዝናብ ነው። በየዓመቱ ታኅሣሥ 4 እና 5 ሌሊት ይበረታል፤ ያን ጊዜ ጅማ ላይ ሰማዩ ብዙ ጊዜ ጥርት ያለ ነው። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ድረስ ጨረቃ ከሌለች ከከተማው መብራት ወጣ ብለሽ በጀርባሽ ተኚ። ጋቢ አትርሺ።

አሁን ተራው የአንቺ ነው። እዚያው የቆምሽበት ቦታ ሂጂ። እጅሽን ዘርግተሽ ጡጫሽን ጨብጪ፤ ከዓይንሽ ሲታይ አንድ ጡጫ 10 ዲግሪ ነው። እሳቱ ሲነሳ ከአድማሱ ስንት ጡጫ ነበር? ሲጠፋስ? የጠፋውስ ከኮረብታው በላይ ነው ወይስ ኮረብታው ጋርዶት? ይሄ ልዩነት ሁሉን ነገር ይለውጣል። አቅጣጫውን በስልክሽ ኮምፓስ ለኪ፤ ከቆርቆሮ አጥርና ከመኪና ራቅ ብለሽ። የሱቆችን የደኅንነት ካሜራ ጠይቂ፤ ቶሎ ጠይቂ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ይደመሰሳል። እሳቱ ራሱ ባይቀረጽም የመብራት ምሰሶ ጥላ መሬት ላይ ሲዞር ከተቀረጸ ይበቃል። ቼልያቢንስክ ላይ መንገዱ መጀመሪያ የተሰላው ከጥላ ነው። የካሜራው ሰዓት ከትክክለኛው ሰዓት በስንት እንደሚለይም ጻፊ፤ አብዛኛው የሱቅ ካሜራ ሰዓቱ የተዛባ ነው። ይሄን ሁሉ ለዓለም አቀፉ የሜትዮር ድርጅት በድረ ገጹ ቅጽ መሙላት ትችያለሽ።

የአንድ ሰው ምስክርነት ግን መስመር ብቻ ነው የሚሰጠው። ክፍልሽ ውስጥ ወልቂጤ፣ ወሊሶ ወይም አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ተማሪ አይጠፋም። የቤት ሥራ አድርጊው። ሐሙስ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ውጭ የነበረ ሰው ያግኙ፤ “የት ወደቀ?” ሳይሆን “በየት በኩል፣ በስንት ጡጫ ከፍታ ጠፋ?” ብለው ይጠይቁ። የእሱን መስመርና የአንቺን መስመር አንድ ካርታ ላይ አስምሩ። የሚቆራረጡበትን ቦታ ላኪልኝ፤ ድንጋይ ፍለጋውን ያን ጊዜ እንነጋገርበታለን።